ስለ ማሽላው ጉድጓድ የተናገርኩት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የገዛሁት ለትምህርት ዕቅድ ነበር። ርዕሰ መምህራችን ጌታሁን ዕቅድ በፎርም ካልሆነ አልቀበልም ስላለ ተረፈኝ። ባዶውን ከሚቀመጥ እኔው ላውራበት። ለሰው ሁሉ ሳወራ እውል የለ፣ ለወረቀትም ይድረሰው።

መጀመሪያ ግን ተመስገን። ዛሬ መንገዱ ክፍት ነበር። ባጃጁ ከቆቦ እስከ ትምህርት ቤቱ መገንጠያ ጎማ ሳይፈነዳበት አደረሰኝ። ጠመኔ አለ። አምና በዚህ ጊዜ ሦስቱም አልነበሩም። መስከረም ላይ ሃያ ልጅ ይዘን የጀመርነው ስምንተኛ ክፍል ዛሬ ስልሳ አንድ ሆኗል፤ አግዳሚው አልበቃ ብሎ ድንጋይ ላይ የሚቀመጡም አሉ።

እኔ፣ የሺ፣ አሥራ ሁለት ዓመት አማርኛ ነው ያስተማርኩት። የሳይንሱ መምህር ጥቅምት ላይ ለእረፍት ብሎ ወጥቶ በዚያው ሲቀር፣ ጌታሁን ሰብስቦን "ማን ይያዘው?" አለ። ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ አፌ መች ያርፋል፣ "አሥረኛ ክፍል ላይ ፊዚክስ ጎበዝ ነበርኩ" አልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ያን ዕለት የሳይንስ መምህርት ሆንኩ።

ፈተናው ሰኔ 10 ነው። ከቁስ አካልና ከጉልበት ምዕራፎች ያልነካኋቸው የመማር ብቃቶች ሃያ ሦስት ናቸው። ሱፐርቫይዘሩ በየሳምንቱ እየመጣ "ይሄ ተሸፍኗል? ይሄስ?" እያለ ምልክት ያደርጋል። ለሃያ ሦስቱ የቀረኝ ሰባት ሳምንት ነው፣ ያውም መንገዱ ካልተዘጋ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ከሰል ማንደጃ ክፍል ውስጥ አስገብቼ ውኃ አፈላሁ። ቤተ ሙከራው በጦርነቱ ጊዜ ባዶውን ስለቀረ ያለን ዕቃ እኔ ከቤቴ የማመጣው ነው። ራዊያ የምትባለው ተማሪዬ "ቲቸር፣ ከሰሉ እየነደደ ውኃው ከፈላ በኋላ ለምን ከዚያ በላይ አይሞቅም?" ብላ ጠየቀች። ሙቀቱ ውኃውን ወደ እንፋሎት ለመቀየር ይውላል ብዬ መለስኩ። ከክፍለ ጊዜው በኋላ ሮጬ መጽሐፉን አየሁ፤ ልክ ነበርኩ! ተመስገን ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ዛሬ ክፍሉ ሰርግ ቤት መሰለ። "ጋዝ ክብደት እንዳለውና ቦታ እንደሚይዝ ያስረዳሉ" የሚለው ብቃት ላይ ነበርን። ቀጥ ያለ እንጨት መሃሉን በክር አንጠልጥዬ በሁለት ጫፉ የተነፋ ፊኛ አሰርኩ። እኩል ቆመ። አንዱን በግራር እሾህ ስወጋው ሌላኛው ወደ ታች ዘቀዘቀ። "እንዴ! አየር ይከብዳል?" ብለው ጮኹ። ስንት ዓመት ግጥም አስተምሬ እንዲህ ተጩሆልኝ አያውቅም።

ከዚያ ራዊያ እጇን አወጣች። ራዊያ ሰላሁዲን ከፊት ሁለተኛው አግዳሚ ላይ የምትቀመጥ ናት። አንዱን ጥያቄ ስትመልሺላት ሁለተኛው ተከትሎ ይመጣል። "ቲቸር፣ አባቴ የማሽላ ጉድጓድ ሲከፍት፣ ሰው ከመግባቱ በፊት ኩራዝ ለኩሶ በገመድ ያወርዳል። ከጠፋ ማንም አይገባም፤ ክፍቱን ያሳድረውና በማግስቱ ደግሞ ይሞክራል። ኩራዙ ለምን ይወርዳል?"

እውነቱን ለመናገር እህል መሬት ውስጥ ተቀብሮ አይቼ አላውቅም። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ የኛ እህል ጎተራ ውስጥ ነው ያለው። እዚህ ግን ደጋሊት የሚሉትን ማሽላ አጭደው ወቅተው፣ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ይከቱና በጠፍጣፋ ድንጋይና በጭቃ ይደፍኑታል። እስከ ክረምቱ አፋፍ ያቆዩታል። ይህን ሁሉ ዛሬ ከነሱ ነው የሰማሁት። "አጣርቼ ልምጣ" ማለት ይቻል ነበር። ክፍሉ ሁሉ እያየኝ ግን እንዴት ብዬ!

"ይሄ የድሮ ሰው ልማድ ነው" አልኳቸው። "ሙቀት ሽቅብ እንደሚወጣ ተምረናል አይደል? ጉድጓዱ የሞቀ ነው፤ ክዳኑ ሲነሳ መጥፎው አየር በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል። ኩራዝ እንዲያውም ሲነድ ኦክስጅን ስለሚጨርስ አየሩን ያበላሸዋል። ለማየት ከሆነ የሞባይል መብራት አለላችሁ፤ እሱ ኦክስጅን አይፈልግም።"

አጨበጨቡ። ራዊያ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። የዕቅዱ ፎርም ላይ "ትምህርቱን ከአካባቢው ጋር ማዛመድ" የሚል ሣጥን አለ፤ እስከ ዛሬ ባዶ ነበር። ዛሬ ሞላሁት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ስብሰባ ሁለት ክፍለ ጊዜ በላብኝ። ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም፣ መልኩን ይቀይራል። የኔ ግን ጠፍቷል። የቀሩት ብቃቶች አሥራ ሰባት ናቸው።

ዓርብ፣ ግንቦት 1

ሙቀቱ አይጣል ነው። ኔትወርክ ከጠፋ አራት ቀኑ። ጎብዬ ገበያ የማሽላ ዋጋ ስለወጣ ሰው ጉድጓዱን እየከፈተ ነው አሉ። ልጆቹም በእረፍት ሰዓት ወሬያቸው "የናንተ ተከፈተ?" ሆኗል። ራዊያ እየሳቀች "የኛ እሑድ ነው ቲቸር" አለችኝ። ጥሩ ዓመት ይመስላል፤ ተመስገን።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ራዊያ አልመጣችም።

ወንድሟ ካሊድ ትናንት ጉድጓድ ውስጥ ራሱን ስቶ ወደቀ አሉ። ቆቦ ሆስፒታል ነው። በሕይወት አለ። በሕይወት አለ!

መጻፍ አልቻልኩም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

የክፍሉ አለቃ መህዲ የነራዊያ ጎረቤት ነው፤ እሱ ነው በዝርዝር የነገረኝ። እሑድ ቀትር ላይ ጉድጓዱን ከፍተው፣ ካሊድ ሞባይሉን አብርቶ ገባ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በጠባቡ አፍ የሚያልፍ ቀጭን እሱ ስለሆነ ሁልጊዜ የሚገባው እሱ ነው። እናቱ ኡሙሃኒ "ገመድ ሳትታጠቅ ወላሂ አትገባም" ብላ አስራዋለች። አንድ ጆንያ እንኳ ሳይሞላ ድምፁ ጠፋ። ቢጠሩት ዝም። መብራቱ ከታች ቦግ ብሎ እየታየ እሱ ዝም። አምስት ሰው ሆነው ጎትተው ሲያወጡት ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ሲያራግቡት፣ ሲያራግቡት መተንፈስ ጀመረ።

ኩራዝ አውርደው ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ለምን እንዳልጠየቅሁ እንጃ። ደወል ተደወለ መሰለኝ።

ቤት ገብቼ መጽሐፉን ገለጥኩ። ገና ያልደረስንበት ገጽ ላይ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ላስተምረው ያቀድኩት፣ ሁለት መስመር ናት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል፤ እሳት ያጠፋል። እህልም ይተነፍሳል፣ ታፍኖ ሲከርም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ክዳኑ ቢነሳም ጋዙ ከሥር እንደተኛ ነው። ኩራዙ የሚጠፋው ለዚህ ነው። የሞባይል መብራት ግን ምን ሆኖ ይጠፋል?

ለነገሩ አባቱ ኩራዝ ያላወረዱት ነጭ ጋዝ ስላለቀባቸው ሊሆን ይችላል። ጋዝ እንደሆነ ተወዷል። አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ከትምህርት ቤት ሰማሁ ብላ ብትነግራቸው ትልቅ ሰው የአባቱን ልማድ ይተዋል እንዴ?

ሰዉ ደግሞ ቀትር ላይ ስለገባ ነው፣ የቀትር ጋኔን መታው እያለ ነው። እኔ የሳይንስ መምህርት ነኝ። በዚህ ጋኔን ደስ አለኝ። ይህን ለማንም አልናገረውም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ከሒሳብ መምህርቷ ከሜሮን ጋር ሆስፒታል ሄድን። ብርቱካን ይዘን ነው የሄድነው። ካሊድ አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ራሴን ያመኛል ይላል እንጂ ደህና ነው። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ሺህ ጊዜ ተመስገን። ኡሙሃኒ አንገቴ ላይ ጥምጥም ብላ "ከሥራሽ ወጥተሽ፣ በዚህ ፀሐይ! አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ" አለችኝ። ብርቱካኑን የት እንደማስቀምጥ ጠፋኝ።

አባትየው ጋሽ ሰላሁዲን መስኮቱ ሥር ቆመዋል። ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። "ልጅቷ ናት የቀባጠረችው" አሉ። "ኩራዝ አያስፈልግም አለችን። ከየት ሰማሽው ብላት ከራሴ ነው አለችኝ።" ይህን ብለው ዓይኔን አዩኝ። ረዘም አድርገው አዩኝ።

ልናገር ነበር። ነርሷ ገባች፣ ውጡ አለችን። በሽተኛ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ማንሳትም ደግ አይደለም። ሜሮን መንገድ ላይ "ሰው ሆነሽ ነው የተገኘሽው የሺ፣ ማን ተማሪውን ብሎ ሆስፒታል ይሄዳል?" አለችኝ። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ብርቅ ስለሆነ "አሞሻል እንዴ?" አለችኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ራዊያ መጣች። ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ግድግዳው ጋ ተቀመጠች። እጇን አላወጣችም። ጥያቄ ስለሌለ ሦስት ብቃት በአንድ ቀን ጨረስኩ። ይህን ጽፌ ሳነበው አፈርኩ።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እንደሚከብድ አስተማርኩ። በሩጫ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፤ ገለበጡት፤ አጠፋሁት። ጉድጓድ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ማስተማሩን ግን አስተምሬያለሁ። ሱፐርቫይዘሩም ምልክት አድርጎበታል።

ስንወጣ "ራዊያ፣ ደህና ነሽ?" አልኳት። "ደህና ነኝ ቲቸር" ብላ መሬት መሬት እያየች አለፈች። አፍራ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ራዊያ ትናንትም ዛሬም የለችም። መህዲ "አባቷ ከቤት አትወጪም ብሏታል" አለኝ። ሌላም ሊል አፉን ከፍቶ እኔን አይቶ ተወው። ልጆቹ በነገር የሚያዩኝ ይመስለኛል። የመሰለኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

የፈተና መግቢያ ካርድ መጣ። ተማሪው ራሱ ቀርቦ እስከ ሰኞ ግንቦት 25 ካልፈረመ ዘንድሮ አይፈተንም። ስልሳው ፈርመዋል። አንድ ካርድ ጌታሁን ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል፤ ፎቶዋ ላይ እየሳቀች ነው።

ጌታሁንን በጎን ያዝኩት። "ምናልባት እኔም ስለ ጉድጓድ አንድ ነገር ሳልናገር አልቀረሁም" አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አልተናገርሽም" አለኝ። "ልጁ ድኗል። ሰው ቀትር ነው ብሏል፣ ይበል። የሺ፣ ስሚኝ፤ ይህ ሕዝብ ልጁን መላክ የጀመረው ገና አሁን ነው። መምህራኑ ሰው ሊገድሉ ነበር ከተባለ መስከረም ላይ ማንን ልናስተምር ነው?" ክፉ ሰው አይደለም፤ ትምህርት ቤቱን በእግሩ ያቆመው እሱ ነው። ያለውም ውሸት አይደለም። እፎይ ብዬ ወጣሁ፤ እፎይታዋ ግን በር ላይ እንኳ አላደረሰችኝም።

ራዊያ ባትፈተን ምን ትሆናለች? ይህን ጥያቄ ስሸሽ ከረምኩ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አንድ ዓመት ቤት የዋለች ልጅ በዓመቱ አትመለስም። ወይ ትዳር ይመጣል፣ ወይ ሥራ ይበዛል። እኔ እንዲህ ሆነው የቀሩ ስንቶቹን አውቃለሁ።

እና "ከራሴ ነው" ያለችው ልጅቷ። እዚህ እንኳ ልጻፈው እንጂ፦ ከራሷ አይደለም። ከኔ ነው። ያቺ ልጅ የኔን ሸክም ተሸክማ ቤት ተቀምጣለች፤ እኔ እዚህ ብቃት እቆጥራለሁ። የሺ፣ አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ?

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ሄድኩ።

ከትምህርት ቤት በእግር አርባ ደቂቃ ነው። በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ስሄድ የምናገረውን ሳዘጋጅ፣ ስሰርዝ ነበር። ስደርስ ሁሉም ጠፋብኝ። ጋሽ ሰላሁዲን ጥላ ሥር ገመድ ይገምዳሉ። ካሊድ አጠገባቸው አለ። ኡሙሃኒ ሰሌን አነጠፈችልኝ። ጉድጓዱ ከበረቱ አጠገብ አፉ ተከድኖ ይታያል።

"መምህርት፣ እንኳን መጡ" አሉኝ።

"ጋሽ ሰላሁዲን፣ ኩራዙ አያስፈልግም ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ቁጭም አላልኩ። "ራዊያ አይደለችም። ክፍል ውስጥ ጠየቀችኝ፤ ሳላውቅ እንደሚያውቅ ሰው መለስኩ። ልጅዎን ልገድልብዎት ነበር።"

ገመዱን መግመዳቸውን አላቆሙም። "አውቃለሁ" አሉ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዚያው እሑድ ጀምሮ። ስልሳ ልጅ የሰማውን ነገር ጎረቤት ያልሰማው መሰልዎት? መህዲ ቤቱ ይኸው ነው፣ አጥሩ ሥር።"

እውነት ለመናገር ይህ አንድም ቀን አልታየኝም። ስልሳ አንድ ልጅ ነው የሰማኝ! እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምስጢር ይዤ የተቀመጥኩ መስሎኛል።

"ታዲያ ሆስፒታል ስንገናኝ ለምን ዝም አሉኝ?"

"መች ዝም አልኩ? በሩን ከፈትኩልዎት እንጂ። ልጅቷ ናት የቀባጠረችው አልኩ። እርስዎ ይግቡበት ብዬ ነበር። አልገቡም።" አሁን ገመዱን አስቀመጡት። "ራዊያን ያስቀረኋት ተሳሳተች ብዬ አይደለም። ተሳሳተች ካሉማ እኔም ተሳስቻለሁ፤ አባቴ ያስተማረኝን ኩራዝ በአንድ ቀን ወሬ የጣልኩት እኔ ነኝ። ያስቀረኋት ስለዋሸችኝ ነው። ዓይኔን እያየች ከራሴ ነው አለችኝ። ለማን ብላ እንደዋሸች አውቃለሁ። መምህሯ ለሷ ብላ አንድ እውነት መናገር ካቃታት፣ ፈተናው ምን ያደርግላታል አልኩ። እጠብቅ ነበር መምህርት። ይኸው ሃያ ቀን ሊሞላኝ ነው።"

አለቀስኩ። በትልቅ ሰው ፊት፣ በካሊድ ፊት፣ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅሁ። ኡሙሃኒ ትከሻዬን ይዛ "አብሽሪ፣ አብሽሪ እህቴ፤ አልሀምዱሊላህ፣ ልጁ ይኸው ተቀምጧል" ትላለች። ካሊድ ሊያስቀኝ ፈልጎ "እኔ እንኳ ሞባይሌ ነው የቆጨኝ፤ እዚያው ወድቆ ቀረ" አለ። አስቆኝ ደግሞ አስለቀሰኝ።

ራዊያ ከቤት ወጣች። በር ላይ ቆማ ሰምታን ኖሯል። "ለምን እንዲህ አደረግሽ?" አልኳት። "ሰው ከተቆጣዎት እርስዎም እንደዚያኛው ቲቸር ይሄዳሉ ብዬ ነው። ከሄዱ ሳይንስ የሚያስተምረን የለም" አለች።

ስነሳ ጋሽ ሰላሁዲን እስከ አጥሩ ሸኙኝ። "ለኔ ነገሩኝ፤ አላህ ይስጥልኝ። የተናገሩት ግን ክፍል ውስጥ ነው" አሉኝ። "ሰኞ እልካታለሁ።"

ሰኞ፣ ግንቦት 25

ከየት ልጀምር።

ጠዋት ጌታሁን ቢሮ ገብቼ "ዛሬ ለክፍሉ እነግራለሁ፤ ከፈለግህ ተባረሻል በለኝ" አልኩት። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና "እኔም ልግባ" አለ። ከኋላ ቆመ። ራዊያ ካርዷን ፈርማ የድሮ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ሚያዝያ 24 ቀን ራዊያ አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ ነበር። የመለስኩላት ስሕተት ነው። አላውቅም ማለት አፍሬ ነው" አልኩ። ከዚያ ጆግ ውስጥ የዳቦ ሶዳ አድርጌ ሎሚ ጨመቅሁበት፤ ተንፈቀፈቀ። አጭር ሻማ ለኩሼ ጆጉን ከበላዩ ዘነበል አደረግሁት። ፈሳሽ አልወጣም፣ የሚታይ ነገር አልፈሰሰም። ሻማው ጥፍት አለ። "ዋይ!" አሉ። "ያጠፋው ከባዱ ጋዝ ነው። ወደ ታች ይፈስሳል፣ ከታች ይተኛል። ጉድጓዳችሁም ውስጥ ያለው እሱ ነው። አባቶቻችሁ ልክ ናቸው፤ ኩራዙ ይውረድ።"

ከዚያ ከዚህ ሁሉ በፊት ልጠይቀው የሚገባኝን ጠየቅሁ። "የዚያን ቀን ያልኩትን ቤቱ ሄዶ የነገረ እጁን ያውጣ።"

አሥራ አንድ እጅ ወጣ።

አሥራ አንድ ቤት! እኔ የማውቀው አንድ ቤት ነበር። "ከናንተ ውስጥ ጉድጓዳችሁ ገና ያልተከፈተ?" አልኩ። ሰባቱ እጃቸውን አወረዱ። ከነራዊያ ሌላ ስድስት ቤት ሰው ገብቶ፣ ወጥቶ፣ በልቶ አድሯል። ቀድሞ የተነፈሰ ጉድጓድ ይሆን፣ ወይ ሌላ ሰው ኩራዙን አውርዶ ይሆን፣ እግዚአብሔር ይወቀው። አራት እጅ ቀረ።

ከአራቱ አንዱ አብርሃም ነው፤ ከወንዙ ማዶ የሚመጣ፣ ከእናቱ ጋር ብቻ የሚኖር ልጅ። ተነስቶ ቆመ። "ቲቸር፣ የኛ ዛሬ ነው። ካሊድን የመታው ቀትር ነው ስለተባለ እናቴ በጠዋት እገባለሁ ብላለች።"

ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ስልኩን ሞከርኩ፣ ኔትወርክ የለም። ቀና ስል ጌታሁን ከኋላ ግድግዳ የለም። የሞተር ሳይክሉ ድምፅ ከውጭ ተሰማ፤ "አብርሃም! ና ውጣ!" እያለ ይጮኻል።

የጠበቅነውን ጊዜ አልጽፈውም። ያስተማርኩ መስሎኝ ሰሌዳው ላይ የሆነ ነገር ጻፍኩ። ልጆቹም የገለበጡ መሰሉ። ራዊያ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

አምስት ሰዓት ላይ ጌታሁን አቧራ ለብሶ ተመለሰ። በሩ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። "ክዳኑ ተነስቷል" አለ። "ገመዱን ታጥቃለች። እግሯን ከትታለች፣ የሺ፤ አንድ እግሯ ውስጥ ነበር። ኩራዝ ብናወርደው ክንድ ያህል ሳይወርድ ጠፋ። ደግመን ለኮስነው፣ ደግሞ ጠፋ። ሴትዮዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ገመዱን መፍታት አቅቷት ልጇ ነው የፈታላት።" ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የቀሩትን ሦስት ቤቶች ከልጆቹ ጋር ዞርኩ። በየቤቱ "ተሳስቼ ነው" አልኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቃሉ ቀሎኝ ነበር። እግሬ ተላጧል። እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

ትናንት አረፋ ነበር። ኡሙሃኒ እነሱ ያረዱትን እንደማልበላ ስለምታውቅ ዶሮ ከነነፍሱ በራዊያ ላከችልኝ፣ በኛ ሰው አሳርጄ እንድበላ። ዶሮው ግን እየጮኸ ከባጃጅ ወርዶ አምልጦ ነበር። ራዊያ በቆቦ አስፋልት ላይ ስታባርረው ሱሪውን የሰበሰበ ሁሉ አብሯት ሮጠ። እንዲህ ከሳቅሁ ቆየሁ። የቀሩት ብቃቶች ሁለት ናቸው፤ ባይሸፈኑም አልሞትም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ተፈተኑ። ስልሳ አንዱም።

ጋሽ ሰላሁዲን ራዊያን ይዘው በጠዋት መጡ። ልጆቹ ከገቡ በኋላ እኔና እሳቸው ከአጥሩ ውጭ ግራሩ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። ብዙ አላወራንም። ዝናቡ ይመጣ እንደሆነ፣ ካሊድ ሌላ ሞባይል እንደገዛ፣ ይህን ይህን።

ከዚያ ዓይናቸውን ከፈተናው ክፍል ሳያነሱ፣ "ፈሪሀ የምትባል ታናሽ እህት አለቻት" አሉ። "ዘንድሮ ስድስተኛን ጨረሰች። ካሊድ ከወደቀ በኋላ ከተማ አክስቷ ጋ ልላካት ብዬ፣ ቆቦ ትምህርት ቤት ለምኜ ቦታ አግኝቼላት ነበር።"

ቢልኳት አልፈርድባቸውም ብዬ አሰብኩ፤ እንደዚያም ልላቸው ነበር።

"ትናንት ሄጄ ቦታውን መለስኩላቸው" አሉኝ። "መስከረም ላይ ላንቺ አመጣታለሁ። ከዚችኛዋ የባሰች ጠያቂ ናት፣ እወቂው።"

እስከ ዛሬ እርስዎ እንጂ አንቺ ብለውኝ አያውቁም ነበር። ጉንጬን በነጠላዬ ጠረግሁ። ኡሙሃኒ እዚያ ብትሆን አብሽሪ ትለኝ ነበር።

ሳይመሽ ከጌታሁን የሰባተኛ ክፍልን የሳይንስ መጽሐፍ ተውሼ ገባሁ። ክረምቱን ሙሉ ላነበው ነው፤ ዛሬ እስከ ገጽ ዘጠኝ ደርሻለሁ፣ ያልገባኝን አራት ቦታ ምልክት አድርጌበታለሁ።